ጣራውና መሬቱ፤ የአዲስ አበባ ቤት ባለቤትነት ታሪካዊ አመጣጥ

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ኮተቤ በሚወስደው ጎዳና ላይ የሚገኘው ላምበረት የትናንት ሥራውን በስሙ ይመሰክራል። ላም ይታጎርበት እንደነበር ለመረዳት ሊቅ መጠየቅ አያስፈልግም። ዛሬ በዚያው ሥፍራ መናኸሪያ ቆሞ፣ የአውቶቡስ ጥሩምባ የላም ድምፅን ተክቶ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ ስለ ሣር ሳይሆን ስለ ካሬ ሜትር ሆኗል። ቤት ሊገዛ የመጣ ሰው ክፍሎቹን ከመቁጠሩ በፊት «ካርታ አለው? ነባር ነው ወይስ ሊዝ?» ብሎ ይጠይቃል። ግድግዳው ጭቃ ይሁን ብሎኬት፣ ጣራው ያፍስስ አያፍስስ፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚታይ ጉዳይ ነው። በሕግ ዓይን ሲታይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰውዬው በገንዘቡ ሊገዛው የሚችለው ያንኑ በሁለተኛ ደረጃ ያስቀመጠውን ግድግዳና ጣራ ሲሆን፣ አስቀድሞ የጠየቀለት መሬት ግን ከቶውንም አይሸጥም፣ አይለወጥም። ዋጋው የሚከፈለው ስለማይሸጠው ነገር፣ ውሉ የሚጻፈው ስለሚሸጠው ነገር ነው። ይህ ተቃርኖ በአንድ አዋጅ የተፈጠረ ሳይሆን ረዘም ያለ ታሪክ ያለው በመሆኑ፣ አመጣጡን ከሥሩ መመርመር ተገቢ ይሆናል።

ቤትን ከመሬቱ ነጥሎ ማየት ለዚህ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። «ከተማ» የሚለው ቃል ራሱ ከተመ ከሚለው ግስ የመጣ ሲሆን፣ ጥንት ያመለክት የነበረው የንጉሥና የጦር ማረፊያን ነው። «ሠፈር»ም እንዲሁ ሠፈረ ከሚለው የተገኘ የጉዞ ቃል ነው። ጎንደር በ17ኛው ምዕት ዓመት እንደ ቋሚ መዲና እስክትመሠረት ድረስና እርሷም ከተዳከመች በኋላ፣ ነገሥታቱ አገሩን የሚያስተዳድሩት በአመዛኙ ከድንኳን ነበር። ድንኳን ደግሞ በሌላ ቦታ ተሰፍቶ፣ በአጋሰስ ተጭኖ፣ በማንም መሬት ላይ ሊተከል የሚችል ተዘጋጅቶ ያለቀ ቤት ነው። ባለቤቱ የሸራው እንጂ የሣሩ ጌታ አልነበረም። ቦታ የሚሰጠውም በገንዘብ ሳይሆን በማዕረግ ነው። የንጉሡ ድንኳን በመካከል ይተከላል፤ ቀኛዝማች በቀኝ፣ ግራዝማች በግራ ይሠፍራል። ማን የት እንደሚያድር የሚታወቀው ከሹመቱ ስለነበር፣ የመሬት ዋጋ የሚባል ጥያቄ ሊነሣ የሚችልበት ሁኔታ አልነበረም። ማገዶ ሲያልቅ፣ ግጦሽ ሲሳሳ ወይም ዘመቻ ሲጠራ ከተማው ተጠቅልሎ ይሄዳል።

አዲስ አበባም የተወለደችው በዚሁ ልማድ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ ከአንኮበር ተነሥተው እንጦጦ ከከተሙ በኋላ፣ በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ በፍልውሃ አጠገብ ባረፉበት ሥፍራ አዲሲቱ መዲና ተቆረቆረች። መኳንንቱ እንደ ጦር ሠፈር ሥርዓት ኮረብታ ኮረብታውን እየያዙ ጭፍሮቻቸውን በዙሪያቸው አሠፈሩ። ራስ መኮንን ሠፈር፣ ራስ ብሩ ሠፈር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር የሚሉት ስሞች የዚያ ድልድል ቅሪቶች ናቸው። ይሁን እንጂ ከተማዋ ገና ልጅ ሳለች የቀደሙት መዲናዎች ዕጣ ሊደርስባት ተቃርቦ ነበር። በአካባቢው የነበረው የተፈጥሮ ደን ለማገዶና ለቤት ሥራ ተመንጥሮ በማለቁ፣ ምኒልክ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ አዲስ ዓለምን በ1893 ዓ.ም. ገደማ ማሠራት ጀመሩ። ከተማዋን ከመጠቅለል ያዳናት በዚያው ዘመን ከውጭ አገር የገባው ባሕር ዛፍ ነው። ፈጥኖ የሚያድገው፣ በተቆረጠ ቁጥር መልሶ የሚያቆጠቁጠው ይህ ዛፍ ማገዶውንም ማገሩንም ስለሸፈነ መዲናዪቱ ካለችበት ሳትነቃነቅ ቀረች።

ስለ ባሕር ዛፍ ሲጻፍ ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ስለ ማገዶው ነው። ከዚያ ያልተናነሰው ውጤቱ ግን ብዙም አይወሳም። ከተማው መንቀሳቀሱን ሲያቆም ከሥሩ ያለው መሬት ዋጋ ማውጣት ጀመረ። ትናንት በማዕረግ የተሰጠ የድንኳን ማረፊያ ዛሬ ሊወረስ፣ ሊሸጥ፣ ሊያዝ የሚችል ሀብት ሆነ። በ1900 ዓ.ም. የመዲናዪቱን ቦታ በግል ስለመያዝና ስለመሸጥ ደንብ የወጣው ከዚህ የተነሣ ነው። በሠፈሩ ራስ ሆኖ የተመራው ባላባት በልጁ ዘመን የከተማ ባለርስት ሆኖ ተገኘ።

ቤቱ ግን የድንኳን ጠባዩን ቶሎ አልተወም። የአዲስ አበባ ዋነኛ መኖሪያ የሆነውን የጭቃ ቤት አሠራር ልብ ብሎ ለተመለከተ ይህ ግልጽ ነው። ጉድጓድ ይቆፈርና የባሕር ዛፍ ምሰሶ ይተከላል። ግራና ቀኝ ማገር በሚስማር ይመታል፤ ወጋግራው ይወጣል። ከዚያም ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በእግር ተረግጦ፣ እስኪበስል ከተቀመጠ በኋላ በምርጊት ይሞላል። ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ እንደገና ይመረጋል፤ አቅም ሲኖር በልስን ይለሰናል፤ በኖራ ይቀባል። የምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ ደግሞ የቆርቆሮ ክዳን እየበዛ የሣሩን ጣራ ከከተማው አስወጣው። ከዚህ ሁሉ ዕቃ ውስጥ በቦታው የሚቀረው ጭቃው ብቻ ነው። ቆርቆሮው ይነቀላል፤ በርና መስኮቱ ይወልቃል፤ ምሰሶው ሥሩ ካልበሰበሰ ተመልሶ ይተከላል፤ የተጣመመ ሚስማር እንኳ በድንጋይ ተቀጥቅጦ ይቃናል። ፍራሽ እየገዙ የሚሸጡ ነጋዴዎች የሚኖሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የጭቃ ቤት ባለቤት ቢነሣ የቤቱን ከፊል ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል፤ ተሸክሞ የማይሄደው መሬቱንና ጉልበቱን ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተስፋፋው የቦታ ኪራይ የተመሠረተውም በዚህ ላይ ነበር። ከገጠር ተሰዶ የመጣው ወዛደር፣ የቀን ሠራተኛው፣ የጉልት ነጋዴዋ፣ ቦታ ለመግዛት አቅም ስለሌላቸው ከባለርስቱ ቦታ እየተከራዩ ጎጆአቸውን በራሳቸው ወጪ ይቀልሱ ነበር። ይህ ለባለርስቱ እጅግ የሚመች ስምምነት ነው። ምሰሶ አይገዛም፤ ጭቃ አያስቦካም፤ ጣራ ሲያፈስ አይጠራም። ተከራዩ ጉድባውን ደልድሎ፣ መተላለፊያ አውጥቶ፣ ጎረቤት አፍርቶ ቦታውን ሰው የሚፈልገው ሲያደርገው፣ የጨመረው ዋጋ የሚገባው ለመሬቱ ጌታ ነው። ኪራይ ቢጨመርበት ተከራዩ ቤቱን አፍርሶ የመሄድ መብት ነበረው፤ ይህ መብት ግን ረኀብተኛን ጾም የመዋል መብት አለህ እንደማለት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም፣ ባለመሬቱ ሳይቃወም በሌላ ሰው መሬት ላይ ቤት የሠራ ሰው የቤቱ ባለቤት እንደሚሆን፣ ባለመሬቱ ግን ኪሣራ ከፍሎ ሊያስለቅቀው እንደሚችል ደንግጓል። የጣራውና የመሬቱ ጌታ ሁለት ሰዎች ሊሆኑ እንደሚችሉ ዘመናዊው ሕግ አምኖ ተቀበለ ማለት ነው።

በመካከሉ የገባው የፋሺስት ወረራ በቤት ረገድ ትቶት ካለፈው ነገር አንዱ ስም ነው። ካዛንቺስ የሚባለው ሠፈር ስያሜውን ያገኘው የጣሊያን መንግሥት ሠራተኞችን ቤት ከሚሠራው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም ነው። ካዛ ማለት ቤት ነው። ቤቱም መሬቱም የተቋሙ ሆኖ ሠራተኛው ተከራይቶ የሚኖርበት ነበርና፣ የከተማው ሕዝብ በየዕለቱ የሚጠራው ይህ ስም በመሠረቱ የአንድ የኪራይ ቤቶች መሥሪያ ቤት ስም መሆኑ የሚያስገርም ነው።

የጣራና የመሬት መነጣጠል የዚህ አገር ብቻ ችግር አይደለም። በሰሜን አሜሪካ በፋብሪካ ተሠርተው፣ በጎማ ላይ ተጎትተው የሚመጡ ቤቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1976 ጀምሮ በፌዴራል መንግሥት ወጥ የጥራት ደረጃ የወጣላቸው እነዚህ ቤቶች ዋጋቸው ከመደበኛው ቤት ስለሚያንስ፣ የሚገዛቸው በአብዛኛው ገቢው አነስተኛ የሆነ ሠራተኛና ጡረተኛ ነው። ከእነርሱም ብዙዎቹ ቤቱን ገዝተው መሬቱን ከአንድ የግል ባለይዞታ በወር ይከራያሉ። ቤቱ «ተንቀሳቃሽ» ይባል እንጂ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ነቅሎ ለማጓጓዝ የሚጠይቀው ወጪ ከአቅም በላይ ስለሚሆን፣ የቦታው ኪራይ ሲጨምር ባለቤቱ የሚያደርገው ጠፍቶት ይከፍላል። ባለመሬቱ ቦታውን ለሌላ ሥራ የሸጠው እንደሆነም ባለቤቱ ያለው ምርጫ ቤቱን ጥሎ መሄድ ነው። የጥንቱ የአዲስ አበባ ቦታ ተከራይ ይህን ታሪክ ቢሰማ ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ይገባው ነበር።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ለማድረግ የወጣ አዋጅ ቁጥር 47/1967 ይህን ግንኙነት ከሥሩ ቆረጠው። የገጠሩ መሬት አዋጅ ከታወጀ አምስት ወር ያህል ቆይቶ የወጣው ይህ አዋጅ የከተማን ቦታ ሁሉ ያለካሣ የመንግሥት አደረገ። በቦታ ባለርስትና በቦታ ተከራይ መካከል የነበረው ግንኙነት ፈረሰ፤ ተከራዩ ከኪራይና ከዕዳ ነፃ ወጣ። አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ቤት ለሚሠራ ሰውም እስከ 500 ካሬ ሜትር ቦታ እንዲሰጠው ተፈቀደ። የቤት ኪራይም እንደ መጠኑ ከ15 እስከ 50 በመቶ ተቀነሰ። ኪራያቸው ዝቅተኛ የሆነው ቤቶች ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት፣ ማለትም ለቀበሌ ተሰጡ፤ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተዛወሩ።

አዋጁ ያስገኘውን እፎይታ ለማቃለል መሞከር ታሪክን ማዛባት ይሆናል። ለባለርስት ሲከፍል የኖረ ሰው በአንድ ቀን ከከፋይነት ወጥቷል። ሆኖም አዋጁ ጣራንና መሬትን አላገናኘም፤ እንዲያውም መለያየታቸውን የአገሪቱ ሁሉ ሥርዓት አደረገው። በማግሥቱ ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1968 ይህን ከርዕሱ ጀምሮ ያሳያል። ባለቤቱ ለመንግሥት የሚከፍለው «የከተማ ቦታ ኪራይና የከተማ ቤት ግብር» ነው። ለመሬት ኪራይ፣ ለቤት ግብር፤ ሰው ግብር የሚከፍለው ስለራሱ ንብረት፣ ኪራይ የሚከፍለው ስለሌላ ንብረት መሆኑን ሕግ አርቃቂዎቹ በሁለት ቃላት ለይተው አስቀመጡት። የቀበሌው ቤት ነዋሪ ደግሞ ሁለቱም የእርሱ አልነበሩም። የሚከፍለው ጥቂት ብር ነበር፤ በዚያ ብር ግን ጣራ አይታደስም፣ ምሰሶ አይለወጥም። ነዋሪው የራሱ ባልሆነ ግድግዳ ላይ ገንዘቡን ለማፍሰስ አይደፍር፣ ቀበሌው ገንዘቡ የለው፣ የከተማው መካከል እንዲሁ እያዘመመ ብዙ ዓመታት አለፉ።

በዚያው ዘመን ቤትን በፋብሪካ አምርቶ ችግሩን ለማቃለል ተሞክሯል። ቤልግሬድ ውስጥ የተፈለሰፈው የዩጎዝላቪያ ተገጣጣሚ የግንባታ ዘዴ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ የተገጣጣሚ ሕንፃ አካላት ማምረቻ ድርጅት ተቋቋመ። ዓምዱና ወለሉ በፋብሪካ ተሞልተው፣ በሥራው ቦታ ላይ በክሬን ተነሥተው፣ በመካከላቸው በሚያልፍ የተወጠረ የብረት ገመድ ይያያዛሉ። በዚህ መንገድ የቆሙ ባለብዙ ፎቅ ሕንፃዎች እስከ ዛሬ ይታያሉ። ነገር ግን የአብዛኛው ነዋሪ ቤት ያው የባሕር ዛፍና የጭቃ ቤት ሆኖ ቀጠለ። ደመወዝተኛው በቤት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ፣ ከቤትና ቁጠባ ባንክ ተበድሮ፣ በነፃ በተሰጠው ቦታ ላይ ይሠራ ነበር። ማኅበር ውስጥ ያልገባውና ባንክ የማያውቀው ሰው ግን ሌላ የተገጣጣሚ ቤት ዘዴ ነበረው።

ይኸውም ጨረቃ ቤት ነው። በጨረቃ ብርሃን ተሠርታ ስለምታድር ይህ ስም የወጣላት ቤት በኮተቤ፣ በየካና በቦሌ ጠረፎች በብዛት ታይታለች። አሠራሯ ከማንኛውም ፋብሪካ ያልተናነሰ ዝግጅት ይጠይቃል። እንጨቱ አስቀድሞ ተለክቶ ይቆረጣል፤ ቆርቆሮው ተገዝቶ በዘመድ ቤት ይቀመጣል፤ ዘመድና ባልንጀራ ይጠራል። ሲመሽ ጉድጓዱ ይቆፈራል፤ ሊነጋ ሲል ጣራው ይመታል፤ ጎሕ ሲቀድ ጭስ ይታያል፤ የልጅ ልቅሶም ይሰማል። ባዶ አጥርን የሚያፈርስ ደንብ አስከባሪ እናትና ሕፃን ያሉበትን ቤት ለማፍረስ ማመንታቱ ስለማይቀር፣ ቤቲቱን የሚጠብቃት ካርታ ሳይሆን ይኸው ማመንታት ነው። መሬቱን የሸጠው በብዙ ሥፍራ የከተማው ጠረፍ ገበሬ ነው። እርሱም ቢሆን ከተማው እየገሰገሰ መምጣቱን፣ መሬቱ ሲወሰድ የሚከፈለው ካሣ ጥቂት መሆኑን እያሰበ፣ ሳይቀድሙት በመንደር ውልና በሽማግሌ ፊት እየቆራረሰ ይሸጣል። በሕግ ፊት የሸጠው ነገር የለም፤ ገዢውም የገዛው ነገር የለም። ገንዘቡ ግን ከእጅ ወደ እጅ ተላልፏል፤ ቤቱም ቆሟል። የከተማው አስተዳደር በኋላ እነዚህን ይዞታዎች ሕጋዊ ለማድረግ ሲነሣ የሰውን ምስክርነት ትቶ በ1988 ዓ.ም. እና በ1997 ዓ.ም. ወደተነሡት የአየር ፎቶግራፎች ፊቱን አዞረ። አውሮፕላኑ ባለፈ ዕለት ጣራው የታየለት ሰው ባለይዞታ ለመሆን ተስፋ ሲያገኝ፣ ከፎቶግራፉ በኋላ ምሰሶ የተከለው ጎረቤቱ ሕገ ወጥ ሆኖ ቀረ። የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ከሰማይ በሚታይ የቆርቆሮ ነጸብራቅ ላይ የተንጠለጠለበት ጊዜ ነበር።

የሊዝ ሥርዓት የመጣው በታኅሣሥ 1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 80/1986 ነው። (የ1968ቱም የ1986ቱም አዋጅ ቁጥራቸው 80 መሆኑ የዓመቶቹ አኃዞች ቦታ የተለዋወጡ ይመስል አጋጣሚ ነው።) በአዋጁ መሠረት የከተማ ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ ለተወሰነ ዘመን፣ ለመኖሪያ ቤት ሲሆን እስከ 99 ዓመት፣ በኪራይ ይሰጣል። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ እንደማይሸጥ ካረጋገጠ በኋላ፣ ሰው በጉልበቱና በገንዘቡ በመሬት ላይ ያቆመው ንብረት ግን የራሱ እንደሚሆን ደነገገ። የሊዙ አዋጅ በ1994 ዓ.ም. እንደገና ወጣ፤ በኅዳር 2004 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ተተካ።

ይህ የ2004ቱ አዋጅ በላምበረቱ ገዢ ላይ የሚያስከትለውን ነገር ጠለቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ከሊዝ በፊት የተገኘ ይዞታ «ነባር» ይባላል፤ ነባሩ ባለይዞታ ይከፍል የነበረው የዱሮውን አነስተኛ የቦታ ኪራይ ነው። ልጁ ቢወርሰው ነባርነቱ ይቀጥላል። ለሌላ ሰው የተሸጠ እንደሆነ ግን ይዞታው በዝውውሩ ወደ ሊዝ ይገባል። በአንድ ግቢ ውስጥ፣ በአንድ ቀን፣ አንዲት ምሰሶ ሳትነቃነቅ፣ ሻጩ ዘመን ያልተቆረጠለት ባለይዞታ ሆኖ ሲወጣ ገዢው ዘመን የተቆረጠለት ተከራይ ሆኖ ይገባል። ባዶ ቦታ በሊዝ ወስዶ ሳይሠራ መሸጥንም አዋጁ ሊገታው ሞክሯል። ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሊዝ መብቱን የሚያስተላልፍ ሰው የሚደርሰው የከፈለው የሊዝ ገንዘብ ከባንክ ወለዱ ጋር፣ የሠራው ግንባታ ዋጋና ከዝውውሩ ሊዝ ዋጋ 5 በመቶው ብቻ ነው። ሰው ከጣራው እንጂ ከመሬቱ እንዳያተርፍ የታሰበ ድንጋጌ ነው። ገበያው ግን የራሱን ዘዴ አያጣም፤ ያዘመመ የጭቃ ቤት ለቁጥር በሚያታክት ብር የሚሸጠው በዚያ ገንዘብ ውስጥ የመሬቱ ዋጋ «ቤት» የሚል ስም ለብሶ ስለሚያልፍ ነው።

ይህ ስም ለባሽነት የሚገለጠው በመነሻው ቀን ነው። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ሲፈለግ በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሣ አዋጅ ቁጥር 455/1997 የሚያስከፍለው መሬቱ ላይ ስላለው ንብረት ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 የመፈናቀያ ድጋፍንና ምትክን ቢያሰፋም መሠረቱ ያው ነው። ገማቹ መጥቶ ቆርቆሮውን፣ በሩን፣ ግድግዳውን በካሬ ይለካል። ባለቤቱ የከፈለው ስለ መንገዱ ቅርበት፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ዕድሩ፣ ስለ ቡናው ጎረቤት ነበር። በ2017 ዓ.ም. የካዛንቺስ ሰፊ ክፍል ለኮሪደር ልማትና ለመልሶ ማልማት ሲፈርስ፣ ባለግል ይዞታውና የቀበሌ ቤት ተከራዩ በየፊናው ሲነሣ፣ ፍራሹ በጭነት መኪና ሲጋዝ የታየው ይኸው ልዩነት ነበር። ቆርቆሮውና በሩ ወደ አዲሱ ሠፈር ሊሄድ ችሏል። ዕድሩ ግን በጭነት መኪና አይጫንም።

በምሥራቁ የከተማ ክፍል ሊዝ ገና ከጅምሩ የተሰጣቸው ቦታዎች አሉ። ውሉ በ1987 ዓ.ም. ለ99 ዓመት የተፈረመ ቢሆን ዘመኑ የሚያበቃው በ2086 ዓ.ም. ነው። ሕጉ በዚያን ጊዜ ውሉ በዘመኑ መነሻ ዋጋ ሊታደስ እንደሚችል ይገልጻል፤ ካልታደሰ ደግሞ ባለሊዙ በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ በቦታው ላይ ያለውን ንብረት አንሥቶ መሬቱን ያስረክባል። «ንብረቱን ማንሣት» የሚለው ቃል ለድንኳንና ለጭቃ ቤት የተሰፋ ይመስላል፤ ዛሬ በላምበረትና በኮተቤ መንገድ ዳር የሚቆመው ግን በአርማታ የተሞላ ባለአራትና ባለአምስት ፎቅ ነው። ቤት ገዢዎቹ ካርታውን ገልጠው ቀሪውን ዘመን ሲያሰሉ፣ ሽማግሌዎቹ ስለ ራሳቸው ዕድሜ፣ ወጣቶቹ ስለ ልጆቻቸው ዕድሜ ያሰላሉ። አሻሻጩም በመካከል ቆሞ «ገና ብዙ ነው» ይላቸዋል።